ክሯ ሳትወጣ ድንጋይ አይቀየርም

ደሴ፣ ሐምሌ

የጦሳ ተራራ ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል። በዚህ ወር እንጨት ያብጣል፣ ብረት ላብ ያወጣል፣ ቆዳ ይሻግታል። ሰንጢ የሚሰበስብ ሰው ዕቃውን ከመሳቢያ እያወጣ አንድ በአንድ የሚመረምርበት ጊዜ ነው። እግረ መንገዴን ስለ ስለት የማምንበትን ልጽፍ።

አብዛኛው ቢላዋ አልሳል የሚለው በድንጋዩ ወይም በብረቱ ክፋት አይደለም። የሚስለው ሰው ጫፉ ላይ ሳይደርስ ስለሚያቆም ነው። ስለት ማለት የግራና የቀኝ ተዳፋቶች የሚገናኙበት መስመር ነው። ቢላዋ ሲዶለዱም ያ መስመር ይሞላለላል፣ ክብ ይሆናል። ክቡን ለማጥፋት ሁለቱ ጎኖች እንደገና እስኪገናኙ ድረስ ብረት መነሳት አለበት። ለዓይን የማይታይ ትንሽ ክብ እንኳ ከቀረ፣ ጎኑ እንደ መስታወት ቢያበራም ቲማቲም ላይ ይንሸራተታል። ብዙ ጀማሪ ደግሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በሻካራው ድንጋይ ጥቂት ይፍቅና ወደ ለስላሳው ያልፋል፣ ሳይገናኝ የቀረውን ያበራዋል።

መገናኘቱን የሚናገር አንድ ምልክት አለ። አንዱን ጎን ብቻ ስንስል፣ ብረቱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ማዶ ይታጠፍና ቀጭን ክር ያወጣል። ዓይን ላያያት ይችላል፤ ጣት ግን ያገኛታል። አውራ ጣትን ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ አውጥቶ ከጫፉ ላይ ማንሸራተት ነው። በስለቱ ርዝመት ላይ ጣት መሳብ ፈጽሞ አይገባም፣ ይቆርጣል። ባልተሳለው ጎን በኩል አንዳች የሚይዝ፣ የሚሻክር ነገር ከተሰማ ክሯ ወጥታለች። ጣቱን የማያምን ሰው ጥጥ ይሞክር፤ ጥጡን ትይዘዋለች። ከእጀታው ሥር እስከ ሹሉ ድረስ ሳትቋረጥ ካልተገኘች፣ ያልተሳለ ቦታ አለ ማለት ነው። ዘወትር የምትዘገየው ሁለት ቦታ ነው፦ እጀታው ሥርና ሹሉ አጠገብ ብረቱ የሚጎብጥበት።

አሠራሩን ከዚህ አንጻር ላስፍረው። ለመጀመሪያ ድንጋይ ሁለት ፊት ያለው፣ በአንድ በኩል ቁጥሩ 400 አካባቢ በሌላው 1000 የሆነ ይበቃል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድንጋዩ ይለሰልሳል። በየግንባታ ዕቃ ቤቱ የሚሸጠው ጥቁር የአናጢ ድንጋይም ሥራ ይሠራል፤ ጣጣው ብዙ ጊዜ ከነጉብጠቱ መምጣቱ ነው። ፊቱ ላይ በእርሳስ መስመሮች አሰማምሮ፣ ውኃ የነካ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግቶ መፈተግ ነው። መሐሉ ላይ ያለው የእርሳስ መስመር እስኪጠፋ ድረስ ድንጋዩ ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ማዕዘን መጠበቅ አይቻልም፤ ብረቱ በሄደ ቁጥር ድንጋዩ ራሱ ያዞረዋል።

ውኃ ወይስ ዘይት የሚለው ብዙ ያከራክራል። የእኔ ፍርድ ውኃ ነው፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የገባበት። አንድ ጊዜ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ግን ውኃ አይቀበልምና በዘይቱ ይቀጥል። ውኃ የሚጠጣው ዓይነት አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይዘፈዘፋል፤ የአልማዝ ሳህን መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ድንጋዩ እንዳይሸሽ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል።

ማዕዘን። ለሰንጢ በአንድ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ዓይን ይህን ቁጥር እንዲያውቀው የወረቀት ቀጥ ያለ ጥግ አንድ ጊዜ ቢታጠፍ 45፣ ደግሞ ቢታጠፍ 22 ዲግሪ ተኩል ይሆናል፤ ከዚያች ትንሽ ዝቅ ማለት ነው። በሚሊሜትር ለሚቀልለው፣ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር የሆነ ብረት ጀርባው ከድንጋዩ 7 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ሲል 20 ዲግሪ ነው፣ 5 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን 15። ከቁጥሩ በላይ ግን የሚያስፈልገው እጅ አለመዋዠቁ ነው። በ17 ዲግሪ የጸና እጅ በ20 እና በ14 መካከል ከሚወዛወዝ እጅ እጅግ የተሻለ ስለት ያወጣል።

እጅን የሚያርመው ማርከር ነው። ተዳፋቱን በሙሉ በጥቁር ማርከር ቀብቶ ሦስት ጊዜ ብቻ ድንጋዩ ላይ አሂዶ ማየት ይበቃል። ቀለሙ ከላይ በጀርባው በኩል ብቻ ከለቀቀ ማዕዘኑ አንሷል። ጫፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ በዝቷል። በሙሉ ሲለቅ ያ ነው ማዕዘኑ፤ ክርኑን ከጎድን ሳያርቁ፣ የእጅ አንጓን አጽንቶ ክንድን ብቻ ማስኬድ። በመሐል እንደገና መቀባት የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ያውም በየአሥሩ ምልልስ ቢሆን።

አንዱ ጎን ክሯ ዳር እስከ ዳር እስክትወጣ ይሳላል። አሥር ምልልስ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት መቶም ሊሆን ይችላል፤ እንደ ዱልዱምነቱ ነው። ከዚያ ይገለበጥና ክሯ ወደ መጀመሪያው ጎን እስክትመለስ ሌላው ይሳላል። ቁጥር አስቦ «በየጎኑ ሃያ ሃያ» ብሎ መሳል ትክክል የሚመስለው ሁለቱ ጎኖች እኩል የደነዘዙ ሲሆን ብቻ ነው። ሹሉ ላይ ሲደረስ እጀታው በቀስታ ከፍ ይላል፣ ተዳፋቱ ድንጋዩን እንዳይለቅ። ሹሉ ከድንጋዩ ዳር ወጥቶ መውደቅ የለበትም፤ ብዙ ቆንጆ ሰንጢ ሹሉን ያጣው በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ክሯ ራሷ መውለቅ አለባት። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ገና ከድንጋዩ የወረደ ቢላዋ ወረቀት ሰንጥቆ ያስደስታል፣ ሽንኩርት ላይ አንዴ አርፎ ይደነዝዛል። የቆረጠችው ክሯ ነበረች፤ ታጠፈች። ስለዚህ በለስላሳው ፊት ተጭኖ ሳይሆን የቢላዋው ክብደት ብቻ እያረፈበት፣ ስለቱ ወደ ፊት እየመራ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያፈራረቁ አሥር ጊዜ ያህል ማስኬድ። ከዚያ ቆዳ። ያረጀ የቆዳ ቀበቶ እንጨት ላይ ተለጥፎ፣ ሻካራው ገጹ ወደ ላይ ሆኖ፣ አረንጓዴው የማለስለሻ ቅባት ተቀብቶበት። ቆዳ ላይ ጀርባው ይመራል፣ ስለቱ ይከተላል። በመጨረሻው ላይ እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ስለቱ እንደገና ይሞላለላል፤ ቢላዋው ቆሞ ነው ከቆዳው የሚነሳው፣ እየሄደ አይደለም።

ድንጋይ መግዛት ያልቻለ ሰው መስታወት ወይም ለስላሳ ሴራሚክ ላይ 400፣ 1000 እና 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አጣብቆ ያንኑ ሥራ መሥራት ይችላል። ልዩነቱ ስለቱን ማስቀደም አለመቻሉ ነው፣ ወረቀቱን ይበጣዋል። ለዕለት ማደሻ ደግሞ የሴራሚክ የሻይ ኩባያ ይገለበጥ፤ ቂጡ ዙሪያ ቀለም ያልተለበጠ ሸካራ ቀለበት አለ። የቡና ሲኒም አለው፣ ግን ጠባብ ነውና ጣት ያሰጋል። አምስት አምስት ጊዜ ቀስ ብሎ ማስኬድ ገና ፈጽሞ ያልዶለዶመን ስለት ያነቃዋል።

በግራይንደር ስለሚሞርዱልን ሰዎች። ለመጥረቢያና ለዶማ ሥራቸው መልካም ነው። ሰንጢ ግን ስለቱ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱን የሚያሸሽበት ሥጋ የለውም። ጠንካራ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ግሎ ሲነከር ነው፤ ከዚያ እንዳይሰባበር በዝቅተኛ ሙቀት ተመልሶ ይረጋል። ከዚያ ሙቀት ካለፈ ይለሰልሳል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሷል፤ ያ ቦታ ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይይዝም። ፍንጣሪ በሚያወጣ ደረቅ ጎማ ላይ ይህ የሚሆነው በቅጽበት ነው።

ለጀማሪ የትኛው ሰንጢ? ከሁለቱ አንዱን እላለሁ። ኦፒኔል ቁጥር 8፦ ጆሴፍ ኦፒኔል በፈረንሳይ ሳቯ ግዛት በ1890 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጀመረው፣ እጀታው የእንጨት፣ ብረቱ 8.5 ሳንቲሜትር፣ ከ1955 ጀምሮ የሚዞር የብረት ቀለበት መቆለፊያ ያለው። ስስ ስለሆነ እንደ ጉድ ይቆርጣል። «ካርቦን» የተባለው ቶሎ ይሳላል፣ ቶሎም ይዝጋል፤ «ኢኖክስ» የተባለው ዝገት ይቋቋማል። ሁለተኛው ቪክቶሪኖክስ ነው። ካርል ኤልስነር በስዊዘርላንድ በ1884 የቢላዋ መሥሪያ ቤቱን ከፈተ፣ በ1891 ለጦሩ ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፣ የመኮንኖች የሚባለው በ1897 መጣ። ብረቱ ሆን ተብሎ መካከለኛ ጥንካሬ የተሰጠው ነው፤ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ባይይዝም በማንኛውም ድንጋይ በአምስት ደቂቃ ይመለሳል። ለመማር ከዚህ የተሻለ የለም። ቫናዲየም የበዛባቸውን ውድ ብረቶች ጀማሪ ባይነካቸው ይሻላል። በውስጣቸው ያለው ቅንጣት ከተራው ድንጋይ ይጠነክራልና አልማዝ ይፈልጋሉ፤ ያለ አልማዝ የሚደክም ሰው ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል።

የኛ ባለሙያዎች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩትን ካራ ማንም እንዳይንቅብኝ። ባሌስትራ መልካም ብረት ነው፣ ጠንካራም ነው፣ በቀላሉ አይሰበርም። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከስለቱ በላይ ወፍራም ሆኖ መቅረቱ ነው። ሞረድ ስለቱ ላይ በእጀታው በኩል በቀስታ ሲነካ የሚንሸራተት ከሆነ በደንብ ተነክሯል፤ የሚፍቅ፣ የሚበላ ከሆነ ለስላሳ ነው። የተነከረውን ገዝቶ ጎኖቹን በሻካራ ድንጋይ ማሳሳት ድካም አለው፣ ግን ያዋጣል። ከስለቱ ኋላ ያለው ውፍረት ከብረቱ ስም ይልቅ አቆራረጥን ይወስናል።

መሰብሰብን በተመለከተ ከቁጥር ይልቅ አሠራር ቢመራ እመርጣለሁ፤ አንድ መቆለፊያ የሌለው፣ በጀርባ ሞላ ብቻ የሚይዝ፤ አንድ ቀለበት ያለው፤ አንድ በጀርባው የሚቆለፍ፣ ለምሳሌ ባክ 110፣ ከ1964 ጀምሮ የሚሠራው፤ አንድ ደግሞ ከውስጥ ላሜራው ተገፍቶ የሚቆልፍ። ላግዮል የሚለው ስም ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ የሰንጢ ዓይነት እንጂ የአንድ ፋብሪካ ስም አይደለም፣ ብዙ ሠሪ ይቀርጸዋል። «ስቴይንለስ» ብቻ የተጻፈበት ብረትም ምንም አልነገረንም።

ያገለገለ ሰንጢ ሲገዛ፦ ተከፍቶ ብረቱ በሁለት ጣት ግራ ቀኝና ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀነቃል። ግራ ቀኝ መወዝወዝ ችንካሩን በማጥበቅ ሊድን ይችላል፤ ወደ ላይ ወደ ታች የሚጫወት መቆለፊያ ግን ተበልቷልና ይቅር። ሲዘጋ ስለቱ መሐል ላይ መቀመጥ አለበት፣ ጎኑን መንካት የለበትም። ከሞላውና ከላሜራው መካከል ብርሃን እንዳያልፍ ወደ መስኮት ይያዝ። በግራይንደር የተበላ ብረት ደግሞ ስለቱ መሐል ላይ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፤ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ክፍተት ይታያል። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ሰንጢውን ከእጅ ሻንጣ አውጥቶ ከሚጫነው ጋር ያኑረው።

አሁን ወደ ሐምሌ ልመለስ። የካርቦን ብረት ሎሚ ወይም ብርቱካን ሲቆርጥ ይጠቁራል፤ ግራጫና ሰማያዊ ሆኖ የረጋው አይጎዳም፣ እንዲያውም ብረቱን በመጠኑ ይከላከልለታል። ቀይ የሆነው ግን ዝገት ነው፣ በአመድና በእርጥብ ጨርቅ ይታሸና ይድረቅ። ቅባቱ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ፣ ብረቱ ላይ በጨርቅ ስስ አድርጎ። የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል፣ ማጠፊያውን ያስራል። ምግብ የሚቆርጥበት ሰው ከመጠቀሙ በፊት ብረቱን ይጥረግ። በቆዳ ሰገባ ውስጥ ማሳደር አይመከርም፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው ትንሽዋ እርጥበት መጣጭ ከረጢት መሳቢያ ውስጥ ብትቀመጥ ትጠቅማለች።

የኦፒኔል እጀታ በዚህ ወር ያብጥና ብረቱ አልከፈት ይላል። ጥፍር ከመሰበር በፊት ቀለበቱን ወደ ክፍት አዙሮ የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ መታ ማድረግ ነው፤ ብረቱ ጥፍር የሚይዝበት ያህል ብቅ ይላል። በጥላ ለሁለትና ሦስት ቀን ይድረቅ፣ እሳት ዳር አይጠጋ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሞቃታማው ኮምቦልቻ የሚሰነብት ሰንጢ በራሱ ይላላል። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ለመፋቅ የሚቸኩል ሰው አለ፤ አሁን በሐምሌ ተፍቆ የሰፋው ብረቱ የሚገባበት ስንጥቅ በጥር እንጨቱ ሲደርቅ ብረቱን ግራ ቀኝ ያስጨፍረዋል። መፋቅ ካለበት ጥር ላይ ታይቶ ይሁን።