ማታ ማታ ዋይፋዬን የሚቆርጠው ማነው?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ኢንተርኔቴ ሲቆራረጥ ከረመ። ኮምፒውተሬ አምስት ደቂቃ ደህና ይሠራና ድርቅ ይላል። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ገጽ ግን አይከፈትም። ሶፋው ላይ ባለቤቴ በስልኳ ቪዲዮ ታያለች፤ የእሷ አይቆምም።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት እዚህ ላይ ነው። በዚያው ራውተር ስልኩ እየሠራ እኔ ለአቅራቢው ድርጅት ደወልኩ። «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» አሉኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ነው። ደግሜ ደወልኩ። ያንኑ አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም የነገርኳቸው «ኔት የለም» ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበራቸው። «ልጄ፣ ምጣድ ስንጥድ እኮ ነው!» አሉኝ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ያውቀዋል፤ ሁለት ሦስት ቤት እንጀራ ሲጋገር አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። አመንኳቸው።

ለማረጋገጥ ግን መለካት ነበረብኝ። የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ሁለት ፒንግ ጎን ለጎን ማስኬድ። ፒንግ ማለት ወደ አንድ መሣሪያ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ የሚለካ ትእዛዝ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት፣ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። በአንደኛው ወደ ራውተሩ፣ የእኔው 192.168.1.1 ነው፣ በሌላኛው ኢንተርኔት ላይ ወዳለው የጉግል አድራሻ 8.8.8.8። መጨረሻው ላይ ሰረዝና «ቲ» የምትለዋ የላቲን ፊደል ከተጨመረች ዊንዶውስ እስኪያቆሙት ድረስ ይልካል። ወደ ራውተሩ የሚሄደው ደህና ሆኖ የጉግሉ ከተቆረጠ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ፣ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ላይ ነው። ሁለቱም አብረው ከተቆረጡ ግን ጣጣው እቤት ውስጥ ነው። ያኔ መደወሉ ዋጋ የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ምጣዱን ስትለኩስ እኔ ፒንጉ ላይ ተተከልኩ። አምፖሉ ደበዘዘ። የራውተሩ መብራት ንቅንቅ አላለም። መልሱ 2 ሚሊሰከንድ፣ 3 ሚሊሰከንድ እያለ እስከ መጨረሻው እንጀራ ድረስ ቀጠለ። ምጣዱ በነጻ ተሰናበተ።

ያን ዕለት ማታ ሁለቱም ፒንጎች አብረው መቆራረጥ ጀመሩ። ወደ ራውተሩ የላክኩት እንኳ 400፣ 900 ይላል፤ ከዚያ ጭራሽ መልስ የለም። ከመቶ 38 ጠፋ። ራውተሩ ከእኔ ሰባት እርምጃ ነው!

በመሃል ሁለት ነገር አስተካክያለሁ። አንዱ ቻናል፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበት የሬዲዮ መስመር ነው። በስልክ አፕ ሳየው ብሎካችን ውስጥ 23 ዋይፋይ አለ፤ የእኔው ቻናል 3 ላይ ተቀምጦ ከግራም ከቀኝም ይጋፋል። የእኔ ዋይፋይ በሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ ወደ 11 አዛወርኩት። ሁለተኛው፣ ዊንዶውስ ኃይል ልቆጥብ ብሎ የዋይፋይ መቀበያውን እንዳያጠፋ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚስተካከሉበት ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብቼ ከለከልኩት። ትንሽ ተሻለ፤ አልዳነም።

ወንጀለኛውን የያዘው የአራት ዓመት ልጄ ነው። ማታ ማታ ያነሳሁትን ፎቶ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ። ልጁ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የዲስኩን ገመድ ሳበና ነቀለው። ልጮህበት አፌን ስከፍት ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። 2፣ 2፣ 3፣ 2። መልሼ ሰካሁት፤ 700፣ መልስ የለም፣ መልስ የለም። ነቀልኩት፤ 2። ስምንት ጊዜ ያህል ሰክቼ ነቅዬዋለሁ። ልጁ ጨዋታ መስሎት ይስቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተሬ ዋይፋይ መቀበያ የጥፍር ያህል የሆነችው የዩኤስቢ ዓይነት ናት። የተሰካችው ከኋላ፣ ከዲስኩ ገመድ አጠገብ ነው። ዲስኩ ደግሞ ዩኤስቢ 3፣ ፈጣኑ የዩኤስቢ ዓይነት ነው። ዩኤስቢ 3 ዳታ ሲያመላልስ 2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይለቃል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ በጽሑፍ አውጥቶት ነበር፤ እኔ የደረስኩበት ግን ገና አሁን ነው። የምልክቱ መስመር ሙሉ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ የሚያሳየው የራውተሩ ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰማ እንጂ ዙሪያው ምን ያህል እንደሚንጫጫ አይደለም። ሰርግ ላይ ስፒከር ሥር ተቀምጦ ከጎን ያለን ሰው ለማዋራት እንደመሞከር ነው። ሰውዬው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ አንተ ግን «ምን አልከኝ?» ትላለህ። የባለቤቴ ስልክ ከዲስኩ ርቆ ሶፋው ላይ ስለሆነ ምንም አልነካውም።

መፍትሔው የሁለት ማኪያቶ ዋጋ የማይሞላ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ሆነ። መቀበያዋን በእሱ አውጥቼ መደርደሪያው ላይ፣ ከዲስኩ አንድ ሜትር ያህል አርቄ አስቀመጥኳት። 5 ጊጋኸርትዝ የሚቀበል መግዛትም ይቻል ነበር፤ ረብሻው እዚያ ያን ያህል አይደርስም። ግን ይቺ ከሠራች ምን አስቸኮለኝ።

ትናንት ማታ ዲስኩ እየገለበጠ 1,000 ፒንግ ላክኩ። 2 ጠፋ። ጎረቤታችንን ደረጃው ላይ ሳገኛቸው በደስታ ነገርኳቸው። ጥሞና ሰጥተው አዳመጡኝና «ቢሆንም ምጣዱንም አትመነው» አሉኝ።