መጀመሪያ ሥራው፣ ስሙ በኋላ

ድሬዳዋ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የአካል ክፍሎችን ቅርጽና ሥራ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይህ ትምህርት በስም ብዛት ይታወቃል፤ ተማሪውም ወደ ሽምደዳ ይሮጣል። እኔ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ አካሉን ይዩ፣ ሥራውን ይወቁ፣ ስሙ ይደርሳል።

ለልብ ትምህርት ከሥጋ ቤት የበግ ልብ እገዛለሁ። ከላይ ያሉትን ትልልቅ የደም ሥሮች እንዳይቆርጣቸው ባለሥጋ ቤቱን ቀድሜ አደራ እለዋለሁ። ያለ እነሱ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። ተማሪዎቹ ከመቅደዳቸው በፊት በጣታቸው ይጫኑታል። ቀኙ ይለሰልሳል፣ ግራው ይጠነክራል። «ለምን?» እልና ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ግን መልሱን ቶሎ ከነገርኳቸው ክርክሩ ይሞታል። ሲከራከሩ ይደርሱበታል፦ ቀኙ ደም የሚልከው እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፣ ግራው ግን ከራስ እስከ እግር ጣት። ቀጥሎ በአዎርታ፣ ማለትም ደም ከግራው ልብ በሚወጣበት ትልቅ የደም ሥር በኩል፣ ውሃ እናፈሳለን። ሦስቱ የቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ በር) ክንፎች ይገጥሙና ውሃውን ይይዙታል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ስሙን ራሱ ይጠይቃል።

ለላብ ትምህርት ድሬ ራሷ ትበቃለች። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጠብ ብሎ መሬት የወደቀ ላብ ግን አያቀዘቅዝም። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላቡ ይንጠባጠባል፤ እዚህ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ይተናል። ስለዚህ የድሬ ሰው ብዙ ውሃ ሲያጣ ላያስተውለው ይችላል።

ግመል ላይ ስንደርስ ክፍሉ ይለወጣል። ውሃ የጠማው ግመል የሰውነቱ ሙቀት ጠዋት ወደ 34፣ ከሰዓት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ሙቀቱን በላብ ከማውጣት ይልቅ በሰውነቱ ይዞ እየቆየ ላቡን የሚቆጥበው እንዲህ ነው። ከአርብቶ አደር ቤት የመጣው፣ በእንግሊዝኛው ምክንያት ዝም ብሎ የሚቀመጠው ልጅ ያን ቀን ይናገራል። ግመሉ ስንት ቀን ሳይጠጣ እንደሚቆይ፣ ሲያገኝ እንዴት እንደሚጠጣ ይነግረናል። በአማርኛም ይሁን በሶማልኛ ይናገር፤ ጓደኞቹ ይተረጉሙለታል። እኔም ከእሱ እማራለሁ።

ፈተናዬም አብሮ ተለውጧል። «ስሙን ጻፉ» የሚለው ትንሽ ማርክ ነው ያለው። ትልቁ ማርክ ያለው «ይህ ቫልቭ በደንብ ባይገጥም ደሙ ወዴት ይሄዳል? ሰውዬው ደረጃ ሲወጣ ምን ይሰማዋል?» የሚለው ላይ ነው።