ሁለት ቀለም፣ 1,600 ካሬ፣ አንድ ደንብ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፍራንስዋ ሞረሌ እ.ኤ.አ. በ1960 ስፋቱም ቁመቱም አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ሸራ 200 በ200 ከፍሎ 40,000 ካሬ አወጣ። የየካሬውን ቀለም የወሰነው ግን የስልክ ማውጫ ነው። አሃዙ ተጋማሽ ሲሆን አንዱ ቀለም፣ ጎዶሎ ሲሆን ሌላው፤ ቀይና ሰማያዊ። ሥራው ዛሬ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ሠዓሊው ደንቡን አወጣ፣ ከዚያ ታዘዘለት። እኔ በዚህ ዓይነት ሥዕል ከሁሉ የምወደው ይህንን መታዘዝ ነው።

ለመጀመሪያ ሙከራ 40 በ40 ይበቃል፦ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ጎን ያላቸው 1,600 ካሬዎች። የተወጠረ ሸራ ማስመሪያ ሲያርፍበት ስለሚረግብ ጣውላው ይሻላል። ሁሉንም መስመር ከአንድ ጠርዝ ተነሥታችሁ ለኩ። ከካሬ ወደ ካሬ እየለካችሁ ከሄዳችሁ የሩብ ሚሊ ሜትር ስሕተት መጨረሻ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከማዕዘን ማዕዘን ሲለኩ ሁለቱም ሰያፍ መስመሮች ልክ 56.6 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው።

ከስልክ ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ብቻ ውሰዱ። የእኛ ሞባይል በ09 ወይም በ07 ስለሚጀምር መነሻው ከገባ ሥዕሉ ላይ የሚደጋገም ግርፍ ይወጣል። በአራት አሃዝ ስትሄዱ ደግሞ አሥር ቁጥር ልክ አንድ ረድፍ ይሞላል፤ ካልሞላ አንድ አሃዝ ዘላችኋል። ዜሮ ተጋማሽ መሆኑን አትርሱ። እሱን ከተዋችሁት አምስት ጎዶሎ በአራት ተጋማሽ ይሆንና ሚዛኑ ወደ 56 በመቶ ያዘነብላል።

ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ውጤቱን ወረቀት ላይ ቁጠሩ። ሰማያዊው ከ760 እስከ 840 ቢሆን ጤናማ ነው። 900 ከመጣ ዕድል አይደለም፤ ንባባችሁን መርምሩ። በአንድ ረድፍ አምስትና ስድስት ካሬ ተከታትሎ ቀይ ሲሆን ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ዕጣ ይጓጉላል፤ እኩል የሚበትነው የሰው እጅ ነው። አንዲት ካሬ «ለማሳመር» የቀየረ ሰው ሥዕሉን አበላሽቷል።

ጣውላውን በሙሉ ቀይ ቀቡት፤ የሚቀራችሁ 800 ገደማ ሰማያዊ ካሬ ነው። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ቀለም እንዳለ በጣም ጥቁር ስለሆነ ነጭ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩበት፣ ከቀዩ ጋር በብርሃን መጠን እስኪተካከል ድረስ። ናሙናውን በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሡት፤ ሁለቱ አንድ ግራጫ ከመሰሉ ዓይን ላይ የሚርገበገበው ጠርዝ ተገኝቷል። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥነው ቀለም) ሲደርቅ ስለሚጠቁር ፈተናው የደረቀው ላይ ይሁን። ሰማያዊውን በአንድ ጊዜ በርከት አድርጋችሁ ቀይጡና ክዳን ያለው ማሰሮ ውስጥ አኑሩ፤ ሁለተኛው ቅይጥ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ካሬዎቹን በማስኪንግ ቴፕ (በቀላሉ በሚላቀቅ የወረቀት ፕላስተር) ከልሉ፤ ቴፑ ሥር ቀለም እንዳይሰርግ ጠርዙን አስቀድማችሁ በቀዩ ቀለም ሳሳ አድርጋችሁ ዝጉት፣ ሲደርቅ ሰማያዊውን ሁለት ስስ ድርብ ቀቡ። ቴፑን ሳይደርቅ ንቀሉት።

ለሁለተኛው ጣውላ ደንቡን ቀይሩ፦ ከ0 እስከ 5 ሰማያዊ፣ ከ6 እስከ 9 ቀይ። ሰማያዊው 60 በመቶ ይሆናል። ግማሽ በግማሽ ሳለ በጎን የሚነካኩ ሰማያዊ ካሬዎች ደሴት ሆነው ይቀራሉ፤ 59 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ግን ብዙውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ይያያዛሉ።