የእድር ሒሳብ በኢሜይል፦ ከፓይተን ጋር አራተኛ ሳምንቴ

ሰላም ለሁላችሁ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አክስቴ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናት። ወር በመጣ ቁጥር የእያንዳንዱን አባል መዋጮና ውዝፍ ከመዝገቡ እየለየች በእጇ ትጽፋለች። እዚሁ ሰፈር ላሉት ወረቀቱ በእጅ ይደርሳቸዋል። አሜሪካና ዱባይ ሆነው መዋጯቸውን ለሚልኩት ግን ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ነው የምትልከው። አንድ ማታ እኩለ ሌሊት ድረስ ስትጽፍ አየኋትና "ይሄን ለእኔ ተዪልኝ" አልኳት።

ያሰብኩት ፕሮግራም የአባላቱን ዝርዝር ከኤክሴል ያነባል። ከዚያ ለየአንዳንዳቸው ትንሽ ሠንጠረዥ ያለበት ኢሜይል ያዘጋጃል፤ የሒሳብ መግለጫውንም በፒዲኤፍ አያይዞ ይልካል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ፈለግሁ። ኢሜይል የሚላክበት ኤስኤምቲፒ የሚባለው ደንብ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የታሰበው ለተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር። ፎቶ የለ፣ አማርኛ የለ። በ1992 ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የተባለውን ደንብ አወጡ። ማይም ማንኛውንም ፋይል ወደ ተራ ፊደልና ቁጥር ለውጦ በዚያው በአሮጌው መንገድ ያሳልፈዋል። ቤዝ64 በሚባለው ዘዴ 3 ባይት (ባይት የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ ነው) 4 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ የምናያይዘው ፋይል መንገድ ላይ በሲሶ ያህል ያድጋል። ጂሜይል 25 ሜጋባይት ይፈቅዳል ሲባል ፋይላችሁ ራሱ ከ18 ሜጋባይት ብዙ ማለፍ የለበትም ማለት ነው።

በጣም ደስ ያለኝን ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ደንብ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል ልክ 4 ምልክት ሆኖ ይወጣል። ጥሬውን ኢሜይል ከፍቼ የርእሱን የመጀመሪያ ቃል ስመለከት በየአራቱ ምልክት የ4 ቁጥርና የእንግሊዝኛው ዋይ (4Y) ይመላለሳሉ። የፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይትና የሁለተኛው ባይት የመጀመሪያ ግማሽ ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ነው። ባዶ ቦታ ሲመጣ፣ እሱ 1 ባይት ብቻ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ ይፈርሳል። አሁን ጥሬ ኢሜይል ሳይ አማርኛ ያለበትን ቦታ በዐይኔ እለየዋለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ያለቀው በሠንጠረዡ ነው። ያጌጠ ኢሜይል ሲላክ ሁለት ቅጂ አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ተራ ጽሑፍ፣ አንዱ የድረ ገጽ መጻፊያ በሆነው በኤችቲኤምኤል። ተቀባዩ ፕሮግራም ማሳየት ከሚችላቸው ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለውን ይመርጣል። እኔ ተራውን መጨረሻ ላይ አድርጌው ኖሮ ሠንጠረዡ ጠፍቶብኝ ሁለት ቀን ፈለግሁት። ቅደም ተከተሉን ስገለብጠው መጣ። ለመልኩ ደግሞ የድረ ገጽ ልማዳችሁን ተዉት። የቀድሞው የዊንዶውስ አውትሉክ ኢሜይል የሚስለው በዎርድ ሞተር ስለሆነ አዳዲሱ የሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ መወሰኛ ቋንቋ) አደራደር አይገባውም። ቀላል ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ቀለሙንም በየሣጥኑ ላይ ጻፉት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደነገጥኩ።

ከቆየ ምሳሌ የገለበጥኩት ኮድ ማይም መልቲፓርት የሚባለውን የፓይተን መልእክት መሥሪያ ይጠቀም ነበር። መልእክቱን ከሉፑ (ለየአባሉ ከሚደጋገመው የኮድ ክፍል) ውጭ አንድ ጊዜ ፈጥሬ፣ ሉፑ ውስጥ ተቀባይና ፒዲኤፍ እጨምርበታለሁ። ደግነቱ ገና እውነተኛ ሰርቨር (ኢሜይል የሚያደርስ ኮምፒውተር) ላይ አልነበርኩም። ኤአይኦ ኤስኤምቲፒዲ የሚባል ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) አለ፤ የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ይነሳና የተላከለትን ኢሜይል ማንም ጋ ሳያደርስ ስክሪን ላይ ያትመዋል። ሦስተኛው አባል ጋ ሲደርስ የታተመውን አየሁት። ሦስት የተቀባይ መስመር፣ ሦስት ፒዲኤፍ። የሁለት ሰው ውዝፍ ለሦስተኛው ሊላክ ነበር። በእድር ውስጥ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ ገንዘብ ያዧና አባሉ ራሱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ነው። አክስቴ ስንት ዓመት የጠበቀችውን ምስጢር በአንድ ሌሊት ላወጣባት ነበር።

መፍትሔው ለየሰዉ አዲስ መልእክት ሉፑ ውስጥ መፍጠር ነው። በተጨማሪ ኢሜይልሜሴጅ ወደሚባለው አዲሱ የፓይተን መልእክት መሥሪያ ተዛወርኩ። እሱ በአንድ መልእክት ላይ ሁለተኛ የተቀባይ መስመር ልትጨምሩ ስትሉ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ፒዲኤፍ ሲደራረብ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት አባሪውን የሚቆጥር መስመር ጨመርኩ፤ ከአንድ ከበለጠ ፕሮግራሙ ይቆማል። ገና የምትጀምሩ ካላችሁ በቀጥታ ከኢሜይልሜሴጅ ጀምሩ። ኮዱም ያጥራል፣ አማርኛውንም ራሱ ያስተካክለዋል።

ስለ ይለፍ ቃል ባጭሩ፦ ጂሜይል የተለመደውን አይቀበልም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍታችሁ ባለ 16 ፊደል የመተግበሪያ ይለፍ ቃል ታወጣላችሁ። ኮዱ ውስጥ አትጻፉት።

ትናንት ማታ የመጀመሪያውን እውነተኛ ኢሜይል ለአክስቴ ላክሁላት። መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችው። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ፒዲኤፉም ተከፈተ። ከዚያ ቀና ብላ "ልጄ፣ አዛውንት ሰው እንዲህ በባዶ ስሙ ይጠራል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰላምታው ስም ብቻ ነው፤ ግሡም "ከፍለሃል" ይላል። እሱን ወዲያው ወደ "ከፍለዋል" ቀየርኩት። አቶ፣ ወይዘሮ፣ መምሪ የሚለው ግን ኤክሴሉ ላይ የለም። ቅዳሜ ከቡና በኋላ እሷ ከመዝገቡ እየነገረችኝ አዲስ ዓምድ እሞላለሁ።