ሦስት ዓመት፣ ሦስት ስድስት ጎራሽ፣ አንድ የተበላሸ ብሎን

«ስብስብህን ከየት ጀምረህ የት እንዳደረስከው ጻፍልን» ስላላችሁኝ ነው እንጂ ስብስብ የሚባል ነገር የለኝም። ያለኝ ሦስት ሽጉጥ ነው። ከሦስቱ አንዱን የገዛሁት ተሞኝቼ ነው፤ የምጽፈውም ይበልጡን ስለ እሱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለማታውቁት፣ እኔን የያዘኝ በሽታ የአሜሪካው ሽጉጥ ሠሪ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትልቁ አካል ነው፤ አካል የምለው ሌላው ሁሉ የሚገጠምበትን ዋናውን ብረት ነው። ፋብሪካው ሪቮልቨሮቹን በአካላቸው መጠን በፊደል ይለያቸዋል። ጄ ትንሹ ነው፣ ኬ መካከለኛው፣ ኤን ትልቁ። ኤን በ1908 ወጣ፤ በ2003 ኤክስ የሚባለው ግዙፍ እስኪመጣ ድረስም ሲሊንደራቸው ወደ ጎን ከሚከፈተው ሽጉጦቻቸው ሁሉ የሚበልጠው አልነበረም። ሲሊንደር የምለው ጥይቶቹን የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ከበሮ ነው። በነገራችን ላይ «ጎራሽ» የምትለዋን ቃላችንን እወዳታለሁ። ፈረንጆቹ «ስድስት ተኳሽ» ይሉታል፤ እኛ ግን መተኮሱን ትተን መጉረሱን ቆጠርን።

ነገሩ የጀመረኝ በ2022 ነው። እንደምታውቁት ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ማሽን ሾፕ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ስቆርጥ እውላለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአባቱን ሞዴል 27፣ ኤን አካል ያለውን ስድስት ጎራሽ፣ ወደ ተኩስ ልምምድ ቦታ ይዞ መጣ። ተኩሱ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ የሽጉጡ ጀርባ ነው፤ ዓይን ሲያነጣጥር የሚሄድበት መስመር ላይ፣ ከአፈሙዙ ጀምሮ እስከ ኋላ ማነጣጠሪያው ድረስ፣ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ ተብሎ ጥልፍ የመሰለ ስስ ጭረት ተቆርጦበታል። አንዱም መስመር አልተዛነፈም። እኔ ያንን ለመሥራት ኮምፒውተር ያለው ማሽን ያስፈልገኛል። እነሱ የጀመሩት በ1935 ነው፤ ያኔ ይህ ሽጉጥ የሞዴል ቁጥር አልነበረውም። «ሬጂስተርድ ማግነም» ይባል ነበር፤ ገዢው እንደ ልብስ ስፌት ልኩን እየነገረ ያሠራዋል፣ ሽጉጡም ከምዝገባ ወረቀቱ ጋር ይደርሰዋል። የመጀመሪያው የተሰጠው ለኤፍ ቢ አይ አለቃ ለኤድጋር ሁቨር ነው። ዋጋው 60 ዶላር ነበር፣ ያውም ሰው ሥራ ባጣበት በዚያ በክፉ ዘመን።

የ27 ዋጋ ኪሴን ስላልቻለው ድሃ ወንድሙን ገዛሁ፤ ሞዴል 28፣ «ሃይዌይ ፓትሮልማን»። በ1954 የወጣው ለፖሊሶች ርካሽ እንዲሆን ተብሎ ነው። አካሉ ያው፣ ብረቱ ያው፣ ውስጡ ያው ነው። የቀነሱት ማስዋቡን ብቻ ነው፤ የጀርባው ጥልፍ የለም፣ መስታወት የመሰለውን ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ደብዛዛ አድርገውታል። የእኔው የ1960ዎቹ ሥራ ነው፣ 900 ዶላር ከፈልኩበት፣ አልተጸጸትኩም። መግዛት ለምትፈልጉ የምመክረው መጀመሪያ ይህንን ነው። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከጎን ስታዩ ትንሽ የችንካር ጫፍ ታያላችሁ፤ አፈሙዙ እንዳይዞር የሚይዘው እሱ ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ይህን ችንካር ተዉት። የድሮ ሰዎች «ችንካር አለው?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ።

በ2023 መጀመሪያ አንድ ጋን ሾው፣ ማለትም የጦር መሣሪያ ገበያ ላይ፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ሞዴል 1917 አየሁ። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ለሠራዊቱ የታዘዘው 1911 የሚባለው አውቶማቲክ ሽጉጥ አልበቃም፤ ስለዚህ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትልልቅ ሪቮልቨሮቻቸውን ያንኑ የ.45 ጥይት እንዲጎርሱ አድርገው ሠሩ። ችግሩ ጥይቱ ነው። የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት ከቀለሁ ሥር ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር የለውም፤ ስለዚህ የሪቮልቨሩ ቀለህ ማውጫ የሚይዘው ነገር አያገኝም። መፍትሔው ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ስስ የብረት ቁራጭ ሆነ፤ ሦስት ጥይት ይሰካበታል፣ ሁለት ግማሽ ጨረቃ ሽጉጡን ይሞላዋል። የወታደር እጅ በጭቃና በብርድ ውስጥ ሦስት ሦስት አድርጎ የሚያጎርስበት ዘዴ ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ሳይ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ቆርጦ የፈታው ችግር ይመስላል።

ሽጉጡ ያበራ ነበር። ፊቴን አየሁበት ብላችሁ ማጋነን አይደለም። ሻጩ «የመቶ ዓመት ዕቃ፣ እንደ አዲስ» አለኝ፤ 1,150 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት። በሁለተኛው ወር፣ ሌላ ጋን ሾው ላይ፣ ሰማንያ የተጠጋቸው አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው አጉሊ መነጽር አውጥተው ለሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ምንም ሳይሉ መልሰው ሰጡኝ። ያ ዝምታ ነው የገባኝ።

«ምኑ ነው?» አልኳቸው። አስቀመጡኝና አሳዩኝ። የብሎኖቹ ዙሪያ እንደ ድስት ክዳን ጎርጎድ ብሏል፤ በማሽን ሲወለወል ለስላሳ ጨርቅ መጀመሪያ የሚበላው የጉድጓድ ከንፈር ነው። ጠርዞቹ ሁሉ ሙልጭ ብለዋል። ከአፈሙዙ ሥር «የዩናይትድ ስቴትስ ንብረት» የሚለው ጽሑፍ ግማሹ ጠፍቷል። መዶሻውና ምላጩ ብረቱ እንዲጠነክር በእሳት ሲጋገር የሚቀርበትን ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም መያዝ ነበረባቸው፤ የእኔዎቹ ግን እንደ ሌላው አካል ጥቁር ሆነዋል፤ ፋብሪካው እንደዚያ አይሠራም። አንድ ሰው፣ ምናልባት ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ «ላሳምረው» ብሎ ወልውሎ ቀለም ነክሮታል። እኔ ብረት ሠራተኛ ነኝ፤ የተወለወለ ጠርዝ በየቀኑ አያለሁ። ግን ብልጭታ ሲያዩ ልብ ይጠፋል።

ሽማግሌው የሽጉጡን መለያ ቁጥር ማንበብም አስተማሩኝ። በድሮዎቹ ላይ ቁጥሩ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። መያዣው ግርጌ ላይ አለ፤ ሲሊንደሩ ጀርባ ላይ፣ ማውጫው ኮከብ ጀርባ ላይ፣ አፈሙዙ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ላይ አለ። የቀኙን የእንጨት መያዣ ፈትታችሁ ውስጡን ብታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእርሳስ የተጻፈ ታገኛላችሁ። ሁሉም ከተስማማ ሽጉጡ አብሮ አድጎ አብሮ ያረጀ ነው ማለት ነው። ከግርጌው ቁጥር አጠገብ ትንሽ ኮከብ ካያችሁ ፋብሪካው ራሱ መልሶ ሠርቶታል። የእኔው ላይ የእንጨቱ ቁጥር የሌላ ሽጉጥ ነው። የመጀመሪያው እንጨት የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

ያን ቀን ማታ አያቴን አስታወስኩ። መንዝ ያለው ቤታቸው ምሰሶ ላይ አንድ ምንሽር ይንጠለጠል ነበር፤ የእኛ ቤት ልጅ ማየት እንጂ መንካት አይፈቀድለትም። ሰደፉ ጉንጫቸው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠቁሮ፣ ግራ እጃቸው የሚይዝበት ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ሳሙና ሟሙቶ ነበር። አንድ ጊዜ አጎቴ ከአዲስ አበባ ቫርኒሽ ይዞ መጥቶ ሳይነግራቸው ቀባው። አባባ ለሳምንት አላናገሩትም። ያኔ ክፋት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገንዘቤን አቁሜ ዓይኔን አሠራሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳልገዛ ጋን ሾው ስዞር፣ እየጠየቅሁ ስነካ፣ ስመልስ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ የሁሉንም አባት በእጄ ያዝኩ፤ የ1908ቱን፣ ሰብሳቢዎች «ትሪፕል ሎክ» የሚሉትን። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ሲሊንደሩን ከኋላ እና ከቀለህ መግፊያ ዘንጉ ጫፍ ይቆልፋል። እነዚህ ሰዎች ሦስተኛ ቁልፍ ጨመሩ፤ ሲሊንደሩን ተሸክሞ የሚወጣው ክንድ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ። ስትዘጉት ድምፁ ለየት ይላል፤ የጥሩ መኪና በር ሲዘጋ እንደማለት። ያስፈልግ ነበር? ላያስፈልግ ይችላል፤ ሁለቱ ቁልፎች በቂ ነበሩ። ሠሩት፣ ምክንያቱም መሥራት ይችሉ ነበር። ዋጋው 21 ዶላር ነበር። በ1915 ሁለተኛው ዓይነት ሲወጣ ሦስተኛው ቁልፍም ከአፈሙዙ ሥር ዘንጉን የሚሸፍነው ቤትም ቀርቶ ዋጋው 19 ሆነ። እንግሊዞችም ለጦር ሜዳ ያዘዟቸው ላይ ያ ቤት ጭቃ ይይዛል ብለው አልፈለጉትም። በሁለት ዶላር ልዩነት እንዲህ ያለ ሥራ ከዓለም ጠፋ። ዛሬ ያንን ሽጉጥ ለመግዛት የምጠየቀውን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴም ይህን ልታነብ ትችላለች።

ለእኛ ለዳላስ ሰዎች ደስ የሚለው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያ የዘንግ ቤት ተመልሶ የመጣው በ1926 ነው፤ አስመላሾቹም እዚሁ ፎርት ዎርዝ የነበሩ ዎልፍ ኤንድ ክላር የሚባሉ ነጋዴዎች ናቸው። የቴክሳስ ደንበኞቻቸው ዘንጉ ተሸፍኖ የተሠራውን ፈልገው፣ ነጋዴዎቹ ለፋብሪካው ትእዛዝ ሰጡ፣ ሦስተኛው ዓይነት ተሠራ። ማሳቹሴትስ ያለ ፋብሪካ ከቤቴ ብዙ በማይርቅ ሱቅ ትእዛዝ ሐሳቡን ቀየረ ማለት ነው። ያንን ሽጉጥ እስካሁን ጋን ሾው ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

ሦስተኛዬን ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው፣ ታሪኩም ያስቃል። አንድ ሻጭ ጎኑ ላይ የብራዚል አርማ ያለበት 1917 ይዞ «የ1889 ነው፣ አንቲክ ነው፣ ወረቀት አያስፈልገውም» ብሎ 1,800 ዶላር ጠየቀኝ። አርማው ላይ በእርግጥ 1889 ይላል። ግን እሱ ሽጉጡ የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ ብራዚል ንጉሧን አውርዳ ሪፐብሊክ የሆነችበት ነው። በ1889 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሲሊንደሩ ወደ ጎን የሚወጣ ሽጉጥ አልነበረውም፤ የመጀመሪያው ትንሹ .32 በ1896 ነው የመጣው። ይህ ግን ብራዚል በ1937 ካዘዘቻቸው 25,000 ሽጉጦች አንዱ ነው። ለሰውየው በትህትና ነገርኩት፤ አልተዋጠለትም። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ዘንድ ወንድሙን በ700 አገኘሁ። የአፈሙዙ ጫፍ ከሰገባ በመውጣትና በመግባት ቀለሙ ሄዶ ነጭ ብረት ሆኗል፣ መያዣው ተጭሯል። ግን ጠርዙ ስለት ነው፣ የብሎኖቹ ዙሪያ ሜዳ ነው፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ይስማማሉ። ከሚያበራው በ450 ዶላር ይረክሳል፤ ቤቴ ሰው ሲመጣ የማወጣው ግን እሱን ነው።

«አንቲክ» ያለው ነገር ቀልድ ስላልሆነ ላስረዳ። በፌዴራል ሕግ አንቲክ የሚባለው በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ ለሰብሳቢዎች የተለየ ፈቃድ አለው፤ 30 ዶላር ከፍላችሁ ለሦስት ዓመት ታገኙታላችሁ፣ የድሮ ሽጉጥ ከሌላ ስቴት በቀጥታ ቤታችሁ ይላክላችኋል፣ ግን የገባ የወጣውን ሁሉ መዝገብ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ይህ ቴክሳስ ላይ ሆኜ የማወራው ነው፤ ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ የስቴታችሁን ሕግ እዩ። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ በአብዛኛው ጭራሽ መያዝ ስለማይፈቀድላችሁ ጠበቃ ሳትጠይቁ እጃችሁን እንዳትዘረጉ።

ብሎኑ ቀርቶብኝ ነበር። ሞዴል 28ን በገዛሁ በሳምንቱ ውስጡን ለማየት ጓጉቼ ከመሣሪያ ሳጥኔ ባገኘሁት ጠመንጃ መፍቻ፣ ይቅርታ፣ ብሎን መፍቻ ልፈታው ሞከርኩ። የተለመደው መፍቻ ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ የእነዚህ ብሎኖች ስንጥቅ ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ አለው፣ ለእሱ የተሞረደ መፍቻ ይፈልጋል። ተንሸራቶ የብሎኑን አናት በላው። እኔ፣ ሃያ ዓመት ብረት የሠራሁ ሰው! ሌላም ላክልበት፤ የጎኑን ክዳን በመፍቻ ፈልቅቃችሁ እንዳታነሱ። ብሎኖቹን አውጡና መያዣውን በፕላስቲክ እጀታ መታ መታ አድርጉት፣ ክዳኑ በንዝረቱ ራሱ ብድግ ይላል። ሲሊንደሩንም ፊልም ላይ እንደሚታየው በእጅ አንጓ ወርውራችሁ አትዝጉ፤ የሚሸከመው ክንድ ይጣመማል። የተበላውን ብሎን ለውጠው ትሉኝ ይሆናል። አልለወጥኩትም። ቀጣዩ ባለቤት አይቶ ይስቅብኝ።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው። ፋብሪካው ሽጉጡን መቼ፣ ወደ የትኛው ሱቅ እንደላከው ከመዝገብ ወጥቶ የሚጻፍ ደብዳቤ ስላለ ለሞዴል 28 ጠይቄያለሁ፣ እየጠበቅሁ ነው። ለሚያበራው 1917 ደግሞ ቁጥሩ የሚስማማ መያዣ በየጠረጴዛው እፈልጋለሁ፤ የማይገኝ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎርት ዎርዝ እሄዳለሁ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከቤቴ እነሳለሁ። መኪናዬ ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ አለ።