ንፍፊት በሚሊሜትር ብቻ አይፈረድም፦ የሬክተም ኤምአርአይ ልምምዴ

እንዴት ናችሁ? የሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል) ካንሰር ኤምአርአይ ማንበብ የት እንዳደረሰኝ ላካፍላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት ማታ መውጣት አያምርም፤ ለንባብ ግን ይመቻል።

የዕጢው ጥልቀት አሁን ብዙ አያስቸግረኝም። ቲ2 የሚባለው የኤምአርአይ ምስል በ3 ሚሊሜትር ቁራጭ፣ ዕጢው ያለበትን የአንጀት ክፍል ቀጥ ብሎ በአግድም እያቋረጠ በትክክል ከተነሳ፣ በዙሪያው ያለው ስብ ነጣ ብሎ፣ የስቡ ሽፋን ደግሞ እንደ ቀጭን ጥቁር ክር ይታያል። ዕጢው ከሽፋኑ ያለው ርቀት 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ። አለቀ።

ፈተናው ንፍፊት (ሊምፍ ኖድ) ነው፦ ካንሰሩ ደርሶባታል ወይስ አልደረሰባትም? ትልቁ በመቆጣት ብቻ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ 4 ሚሊሜትሯ ደግሞ ካንሰር ይዛ ድምጿን አጥፍታ ትቀመጣለች። ለዚህ ነው የአውሮፓው የሆድ ራዲዮሎጂ ማኅበር መጠንን ከመልክ ጋር ያጣመረው። አጭሩ ስፋት 9 ሚሊሜትርና በላይ ከሆነ በቀጥታ አጠራጣሪ ነው። ከ5 እስከ 9 ከሆነ ክብነት፣ የተዛባ ጠርዝና የተዘበራረቀ ውስጥ ከሚባሉት ምልክቶች ሁለቱ ይፈለጋሉ። ከ5 በታች ሦስቱም። ትናንት ያየኋት 6 ሚሊሜትር ነበረች፤ ክብ፣ ጠርዟም የተቦጫጨቀ። በመመሪያው አጠራጣሪ ናት፤ እኔ ግን ልቤ አልደፈረም።

አዲሶቹ ዘዴዎችስ? ዲፍዩዥን፣ ማለትም የውሃን እንቅስቃሴ የሚለካው የኤምአርአይ ምስል፣ ንፍፊቱን ቦግ አድርጎ ያሳያል፣ ግን ጤነኛውም ቦግ ይላል። ለመፈለግ እንጂ ለመፍረድ አይሆንም። እኔን የማረከኝ የብረት ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ የብረት ብናኝ ነው። በደም ስር ይሰጣል፤ ጤነኛ ንፍፊት ውስጥ ያሉት ማክሮፋጆች (ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት) ይውጡትና ንፍፊቱ ይጠቁራል፣ ካንሰር የያዘው ቦታ ግን ሳይጠቁር ይቀራል። መጠኑን ትቶ ሥራውን መጠየቅ ማለት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በፕሮስቴት ካንሰር ላይ ጥሩ ውጤት ታትሞለታል።

ግን እንዲህ ያለ ዘዴ እንዴት ይፈተናል? ዳኛው ፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣውን አካል በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። በቀዶ ጥገና የወጣው፣ ንፍፊቶቹን የያዘው ስብ ፎርማሊን (ማቆያ ኬሚካል) ውስጥ ገብቶ ይጨማደዳል፣ ይቆራረጣል፤ ከዚያ ምስሉ ላይ ያየሃት ንፍፊት ማይክሮስኮፕ ስር ካሉት የትኛዋ እንደሆነች ሂድና ለይ! ሕመምተኛው አስቀድሞ ጨረርና ኬሞ ከወሰደማ ንፍፊቷ ራሷ ተለውጣለች። ስለዚህ አሁን ጥናት ስከፍት መጀመሪያ የማየው ንጽጽሩ በንፍፊት ነው ወይስ በሕመምተኛ የሚለውን ነው። በሕመምተኛ ከሆነ፣ የተሳሳተች ንፍፊት ጠቁመህም ሰውየው ሌላ ቦታ ካንሰር ከተገኘበት «ትክክል» ተብለህ ታልፋለህ።

ቀጥሎ ወደ ደም ስር የገባ ዕጢ ላይ ልቀመጥ ነው። ጥሩ ምስል ያላችሁ፣ የሕመምተኛውን ስም አጥፍታችሁ ወዲህ በሉ።