ቁም ሣጥኑን ያንኳኳችው ልጅ

ዛሬ ማታ ለእህቴ ልጆች ጦጣ መሰሎቹን የማዳጋስካር እንስሳት፣ ሌሙሮችን፣ በፎቶግራፍ ሳሳያቸው፣ ጅራተ ዝንጉርጉሩ ሌሙር ማለዳ እጆቹን ዘርግቶ ሆዱን ፀሐይ እንደሚያሞቅ፣ ወንዶቹም ከእጅ አንጓቸው የሚወጣውን ጠረን በጅራታቸው ላይ አሽተው እርስ በርስ እያወዛወዙ እንደሚፎካከሩ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

የስድስት ዓመቷ ግን፣ አዬ-አዬ የተባለው የሌሊት ሌሙር በቀጭኗ መካከለኛ ጣቱ ግንድ እየመታ ትል የቦረቦረውን ቦታ በድምፁ ለይቶ እንደሚያገኝ ስትሰማ፣ ተነሥታ ቁም ሣጥኑን በጣቷ እያንኳኳች ጆሮዋን ለጠፈችበት። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። "እዚህ ጋ ባዶ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

በአንዳንድ የማዳጋስካር መንደሮች ይህ እንስሳ የክፉ ዕድል ምልክት ተደርጎ ስለሚቆጠር ይገደላል። ይህን ገና አልነገርኳትም፤ አስቀድማ እንድትወደው ፈልጌአለሁ።